መዚያን ያላመዳቸው ወይራዎች

ይድረስ ለምራቴ፤

አላህ በጤና ያቆይሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርሽ። እንዴት ነሽ? አባትሽና እናትሽስ ደኅና ናቸው ወይ? የልጅሽ የፈሩጃ የፊት ጥርስ ወለቀ ሲሉ ሰማሁ። ወደ ፀሐይ ወረወረችው ወይስ እንደ አባቷ ኪሷ ውስጥ ደብቃ ትዞራለች? ጠይቂልኝ።

እኛ አለን፣ አልሐምዱሊላሂ። ጉልበቴ ለሶላት ይታጠፍልኛል፤ ዛፍ ለመውጣት ግን እምቢ ካለኝ ቆይቷል። የመዚያን እናት አለች፤ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ስለ አሮጊት ከዚህ በላይ ምን ይባላል። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወልዳ አንዱ ሞተባት፤ የተረፈው ለሁለት ይጠባል።

እኔ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቂያለሽ። ይህን የሚጽፍልኝ የመጭመቂያው ቡሳድ ነው። ሌላ መጻፍ የሚችል ጠፍቶ አይደለም፤ አስተማሪውም አለ፣ የአረዝቂ ልጅም አለች። እኔ የፈለግሁት እሱን ነው። ስድብ ብናገር ስድቡን እንዲጽፍ፣ ስለ ራሱ ክፉ ብናገር እንዳያለዝበው በአባቱ መቃብር አስምዬዋለሁ። እጁ ዘይት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ እድፍ ብታዪ የእሱ ነው፤ የእኔ እንባ እንዳይመስልሽ። እኔ በደብዳቤ አላለቅስም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ዘንድሮ ወይራው ብዙ አልያዘም፤ የያዘው ግን ደንዳና ነው። ሸንጎው የለቀማውን ቀን ሊቆርጥ ሲቀመጥ እኔም በሸንጎው ድንጋይ ላይ በቦታዬ ተቀመጥኩ። አረዝቂ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ምን እንደሚል ድንጋዩም ያውቃል። አያቶቻችን ፍሬው ጠቁሮ በራሱ ጊዜ ሲወድቅ ይለቅሙት ነበር፤ ይሄ በአረንጓዴው መሸምጠጥ ከሴት ምላስ የመጣ ነገር ነው አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለዚህ ጥድፊያ ብለን አይደለም ወይ በእርጥብ ቅርንጫፍ ላይ ሰው የጨረስነው አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ይህን በየደጁ ሲያንሾካሹኩት ኖረዋል፤ ፊት ለፊቴ ሲባል ግን ያን ቀን መጀመሪያው ነው።

ተነሣሁ። ልጄ መዚያን የሞተው ጎበዝ ነኝ ብሎ መሰላል ስለናቀ ነው አልኩ። አባቴም የሞተው ከወይራ ወድቆ ነው፤ ያውም በጥር፣ ፍሬው እንደ ፍየል በጠጥ ጠቁሮ። ያን ጊዜ የማንን ሴት ምላስ ከሰሳችሁ? ደግሞ አረዝቂ ሆይ፣ አንተ ጉሮሮ ሳይነካ የሚወርደውን ዘይት የምትወደው ጥርስ ስለሌለህ ነው፤ ለአንተ አፍ ስንል የዘይት ማኅበሩን አንዘጋም አልኩት። ሳቁ። ሰው ከሳቀ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ጥቅምት ሳያልቅ ለቀማ ገባን፤ መሰላል የሌለው ሰው ዛፍ እንዳይወጣ ተባለ። ይህን ደንብ ያስወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ዘግይቷል ብለሽ እንዳትነግሪኝ፣ አውቀዋለሁ።

ይህን የምነግርሽ የመዚያን እናት በለቅሶው ቀን የተናገረችሽን አልረሳሁትም ለማለት ነው። አረንጓዴ ዘይትሽ ልጄን በላው አለችሽ፤ አንቺም ልጅሽን አቅፈሽ ሄድሽ። በእሷ ፈንታ ይቅርታ አልልም፤ ምላስ አላት። የኔን ግን በሸንጎ ተናግሬያለሁ፣ ሰው ሰምቷል።

አሁን የሚያስቅሽን ልንገርሽ።

አሮጊቷ የእናቷ ዓይነት ዘይት አማራት። የአልጀርስ ነጋዴዎች ከድንግልም በላይ ድንግል የሚሉት ዘይታችን ጉሮሮዋን እንደ በርበሬ ይፈጃታል። ከድንግል በላይ ድንግል ምን ዓይነት ነው ብላ ስትጠይቅ ባሏን ያላየች ሙሽራ ናት አልኳት። እንግዲህ እንደ ድሮው ሁለት ከረጢት ፍሬ ጣሪያችን ላይ ከመርን፣ ጨው ነሰነስንበት፣ አለበስነው። ካላላበው ዘይት አይወጣውም ትለን ነበር እናቴ። አንቺ ይህን እንዴት እንደምትጠዪው አውቃለሁ፤ ማኅበሩ ሲመሠረት በዚያው በድንጋዩ ፊት ቆመሽ፣ ፍሬው ከዛፍ በወረደበት ቀን ካልተጨመቀ ዘይት ሳይሆን በሽታ ነው ብለሽን ነበር። ሴት በሸንጎ ስትናገር ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁ፤ መዚያን ከኋላ ቆሞ እንደ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ታዲያ ፍሬው ካላበው በኋላ አሮጊቷ ለብቻው የሚጨምቅልን የለም አለች። እኔም ቡሳድ ምሳ ሲበላ ጠብቄ ከረጢቶቹን ከሌላው ሰው ፍሬ ጋር ከመጭመቂያው ወፍጮ ድንጋይ ሥር ደፋሁት። ማን ያውቃል አልኩ። ብዙ ወተት ውስጥ አንድ ጣሳ ውኃ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መድኃኒቴን ልቀበል መንገድ ዳር ተቀምጬ ሳለ ሹፌሩ ማኽሉፍ ሚኒባሱን አቆመ። መድኃኒቴን ሰጠኝና ቡሽ የተወተፈባት ትንሽ ማሰሮ አስከተለ። ይቺን ለቡሳድ ስጥልኝ አለ። ምንድን ናት አልኩት። ባዶ ናት፣ ዘይቱን ምራትህ ቀምሳ ጨርሳዋለች አለ። ቀጠለ፤ መልእክቱ እንዲህ ነው፣ በዚህ ጭማቂ ውስጥ ተከምሮ ያደረ ፍሬ አለበት፣ ጨውም ነክቶታል፣ የማኅበሩ ምልክት እንዳይለጠፍበት። እኔ መድኃኒቴን ይዤ ደረቅሁ። ማኽሉፍ ግን ወሬ ጀምሮ የሚያቆም ሰው አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይቺን ማሰሮ እያመላለስኩ የማገዶ አህያ ሆንኩ አለ። እሱን ስጠይቀው ዘይት ብቻ ነው ይላል፤ እሷን ስጠይቃት ዘይት ብቻ ነው ትላለች፤ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሹፌር ነኝ አለ። ከዚያ የማንን አባት እያናገረ እንደሆነ ትዝ አለው መሰለኝ፣ መሪውን ጨብጦ አላህ ይማርህ ብሎኝ ሄደ። ያልሞተን ሰው አላህ ይማርህ ብሎ የሚሄድ ሹፌር ነው ያለን።

ማሰሮዋን ይዤ ወደ መጭመቂያው ሄድኩ። ቡሳድ ፍሬው የሚጨመቅባቸውን ሰሌኖች በሙቅ ውኃ እያጠበ ነበር። መልእክትሽን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ጆሮው እንደ ሮማን ቀላ። የማን ፍሬ ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ዓይኔን አይቶ አወቀ መሰለኝ። የዚያን ቀን ዘይት በሙሉ ለየው፣ ለሳሙና ይሁን አለ። ፍሬያቸው ከእኔ ጋር ለተቀላቀለባቸው ጎረቤቶች ከራሴ ማሰሮ ተካሁላቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳቸውም። አሁን ይህ ደብዳቤ ከቡሳድ እጅ ወጥቶ አንቺ ጋ ስለሚደርስ የምታውቁት ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ፤ አሮጊቷን ጨምሮ።

ተናደድኩ። ተናድጄም አልቀረሁም፣ ኮራሁ። ሁለት ተራራ ተሻግራ ተቀምጣ የእኔን ጣሪያ በምላሷ ጫፍ ያየች ሴት በመላው የጁርጁራ ተራራ ሌላ የለችም።

ቡሳድን እዚያው ጠየቅሁት። ከዘይቱ ጋር ምን ትልካለህ አልኩት። ዘይት ብቻ አባባ አለ። እሷስ ምን ትልካለች? ስለ ዘይቱ ብቻ አባባ። ማሰሮዋን ገልብጬ አየኋት። ቡሹ በቀይ ሱፍ ክር ዙሪያውን ተጠምጥሟል፤ ክሩ ደግሞ ጫፉ ተገምዷል። እኔ ዘይት ስልክ በጨርቅ እወትፋለሁ። ማሰሮዋን ከሌሎቹ ማሰሮዎች ጋር ሳይሆን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት።

እዚህ ላይ የቡሳድ እጅ ቆሟል። ጻፍ ብዬዋለሁ።

ባለፈው ኮኩ ሲያብብ በሸንጎ ተናግሬ ለአባትሽ የላክሁትን ቃል ታስታውሻለሽ። ምራቴ ለታናሹ ልጄ ለራምዳን ትሁን፤ ልጅቷም ዛፎቹም ከቤት አይውጡ ብዬ ነበር። ወጋችን ነው። የእኔም እናት አባቴ ሲሞት ለአጎቴ የተሰጠችው በዚሁ ወግ ነው። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልመታትም፣ አላስራባትም። ነገር ግን አባቴ እያለ ሽመናዋ ላይ ስትቀመጥ ታንጎራጉር ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስክትሞት የክሩን ድምፅ እንጂ የእሷን ድምፅ አልሰማሁም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ቡሳድም ከዚህ ወረቀት ሌላ አይናገረው።

አንቺ ለራምዳን ነገር እሺም እምቢም አላልሽም። እኛ ቤት ዝምታ እሺ ነው፤ እኔም እሺ ብዬ ቆጠርኩት። ለዘይቱ ግን ዝም አላልሽም። ከቤትሽ ለራቀ ዘይት እንዲህ በግልጽ የምትናገሪ ሴት፣ በራስሽ ነገር ዝም ማለትሽ እሺ ሊሆን እንደማይችል መንገድ ዳር ተቀምጬ ገባኝ። ለመግባት ጊዜ ወስዷል፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ነገር ወደ እኔ የሚመጣው በእግሩ ነው።

ቃሌን የሰጠሁት በሸንጎ ስለሆነ ያነሣሁትም በሸንጎ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተፋሁትን ቃል መልሼ ልሼ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። ምራቴን ለራምዳን ብዬ ነበር፤ አላልኩም በሉ አልኳቸው። ተንጫጩ። ገና ምኑን ሰማችሁ አልኩ። መዚያን በድንጋያማው ቁልቁለት ያላመዳቸው ወይራዎች ለልጁ ለፈሩጃ ናቸው።

ያኔ ነው ጉድ የፈላው። ሴት ልጅ ከመቼ ወዲህ ትወርሳለች አለ አረዝቂ። መሬቱን ማን ሰጣት አልኩት፤ መሬቱ የእኔ ነው፣ እኔም ገና አልሞትኩም። ዛፎቹ ግን የእኔ አይደሉም። ያ ቁልቁለት ከዱር ወይራና ከእባብ በቀር ምንም ያልነበረበት ነው። ልጄ በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ የቤቱን ወይራ ቀንበጥ እየሰካ፣ በጭቃ እየለሰነ፣ በእናቱ አሮጌ ቀሚስ እየጠቀለለ ያላመዳቸው ናቸው። የአንዱ ዛፍ በሌላው መሬት ላይ መቆሙ በዚህ አገር አዲስ ነው ወይ? የአንተስ ሁለት ዛፍ የቆመው የማን አጥር ውስጥ ነው? አረዝቂ ተቀመጠ፤ አጥሩ የእኔ ነውና። አንዱ ከኋላ፣ ነገ ለባዕድ ተዳርታ ዛፎቹን ባዕድ ቢለቅማቸውስ አለ። ይልቀማቸው አልኩ፤ ብቻ መሰላል ይዞ ይምጣ።

ምስክሮቹ ቃል ሰጥተውበታል። በግ አርጃለሁ፣ ሥጋው ለየቤቱ ደርሷል። ሥጋውን በልተው ነገሩን መካድ አይችሉም።

ለራምዳን በስልክ ነገርኩት። ከፈረንሳይ አገር ድረስ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ ለእኔ እንደተባለች ያውቃል፣ እኔ ለመምጣት ሥራዬን እያስተካከልኩ ሳለ ዛፉንም ሴቲቱንም ሰጥተህ ለእኔ የቀረልኝ ምንድን ነው አለ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። የሚለው ሐሰት አይደለም። በበጋም አልመጣም፣ ከእንግዲህም አልመጣም ብሏል። እናቱ ቁጥሩን ደግማ አስደወለች፤ አላነሣም። እንግዲህ ሁለት ወንድ ልጅ ነበረኝ፤ አንዱን መሬት ወሰደው፣ ሌላውን ስልክ። ይህን የምጽፍልሽ ዕዳ እንዲሰማሽ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ነው።

ስለዚህ ነፃ ነሽ። ከማንም ቤት ብትገቢ ከእኔ ቤት የወጣሽ ልጄ ነሽ። ፈሩጃን ማንም ከጉያሽ አይነጥቃትም፤ እኔ ቆሜ ይህን የሚሞክር የለም፣ እኔ ከሞትኩም ሸንጎው ሰምቷል። በየለቀማው ግን አምጪልኝ። ዛፎቿን ትወቃቸው። የዱሩ ወይራ ከሥር እየበቀለ የሰካነውን እንዳያንቀው በየዓመቱ መቆረጥ አለበት፤ እኔ አልወጣበትም። መጋዝ የሚይዝ ሰው አንድ አውቃለሁ። ነገር ግን እየጻፈልኝ ስለሆነ ፊት ለፊቱ አላመሰግነውም፣ ይንቀባረራል። የሚናገረው ትንሽ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው፣ ሲበላ ድምፅ ያሰማል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ማንም ሸሚዙን ሰፍቶለት እንደማያውቅ ከክርኑ ይታያል። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ እየጻፈ ነው።

ሌላ አንድ ነገር። መዚያን የወደቀበት ዛፍ ከዚያ ወዲህ አልተለቀመም ነበር። ማንም አልከለከለም፤ ሰው ዝም ብሎ በአጠገቡ ያልፋል። ፍሬው ይወድቃል፣ ወፍ ይበላዋል። ዘንድሮ ለቀማው ካለቀ በኋላ አሮጊቷ ከቤት ጠፋች። ስፈልጋት ከዛፉ ሥር አገኘኋት። ዘንግ አልያዘችም፤ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ አንድ አንድ እያለች በጣቷ ታወርዳለች፣ በቀሚሷም ትሰበስባለች። መሰላል አምጥቼ ያዝኩላት። ያን የመሰለች ጥቂት ፍሬ ለመጨመቅ ቡሳድ ወፍጮውንም ሰሌኑንም እንደገና አጠበ፤ ያለምንም ማጉረምረም። የወጣው አንዲት ማሰሮ እንኳ አልሞላም። አሮጊቷ ቀመሰችው፣ ጉሮሮዋን ፈጃት፣ አሳላት። ይሄ ለእሷ ነው አለች። ማን ናት እሷ አላልኳትም። ከደብዳቤው ጋር ይደርስሻል። ስለዚህኛው ግን መልእክት አትላኪ፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አትበይ። ቅመሺውና ዝም በይ።

በዚህ ላብቃ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ፤ ቤትሽን ይሙላልሽ፤ የልጅሽን ልጅ ታቅፈሽ የዛፎቿን ዘይት አፏ ላይ ጠብ የምታደርጊበትን ቀን ያሳይሽ። ለአባትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ቃሌን ያነሣሁት እሱን ንቄ እንዳልሆነ ያውቃል። ለእናትሽ የደረቀ በለስ ልኬያለሁ፤ የዘንድሮው ትል አልገባበትም።

ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ደብዳቤውን ግን በማኽሉፍ አልክም፤ ያን ሰው ወረቀት ብታስይዢው መንደር ሁሉ ያነብለታል። ቡሳድ ራሱ ይዞት ይመጣል። መጭመቂያው ሥራ ጨርሷልና ጊዜ አለው። አባትሽ ምሳ ያብላው። የሚናገረው ነገር ካለው ይናገር፤ እኔ ከደብዳቤው ሌላ ያዘዝኩት የለም።

አሁን ይህን እያጻፍኩ ሳለ አሮጊቷ ከጓዳ ወጣች። በላይኛው መንገድ በረዶ ጥሏል፤ ይሄ ቡሳድ ደግሞ እንደምታውቂው ከዚያች ዘይት ከጠጣች ጃኬት ሌላ ልብስ የለውም። ሳጥኗን ከፍታ የመዚያንን በርኖስ ይዛ መጣች፤ ነጩን፣ ለሠርጋችሁ የሸመነችለትን። ማንንም ሳታይ እዚህ በተቀመጠበት ትከሻው ላይ ጣለችው። ከኋላው ዞራ ጠርዙን ወደ ታች ሳበችው። አጠረው አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ተመለሰችና በሩን ዘጋች። እሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር፤ እኔም አንሥቼ መልሼ ሰጠሁት።

ስለዚህ በመታጠፊያው ላይ ነጭ በርኖስ ከሩቅ ስታዪ አትደንግጪ። እሱ አይደለም። ፈሩጃ አባቴ መጣ ብላ እንዳትሮጥ አስቀድመሽ ንገሪያት።

ወይም ተያት፤ ትሩጥ።

አማትሽ፣
የፈሩጃ አያት
(በአውራ ጣቱ)